ባ ካሶንዴና እንቅልፋሙ ስክሪን

በምድር ላይ ትምህርት ቤት ተብሎ በተሠራ ቤት ሁሉ፣ ሌላው ሰው ግድግዳው ላይ የወጣውን ሥዕል ሲያይ እሱ ሰዓቱን የሚያይ አንድ መምህር አለ። አይታችሁታል፣ አትካዱ። ትምህርቱ ስለ ወንዝ ይሁን ስለ ኩላሊት፣ ስለ ንብ ይሁን ስለ ነጻነት ትግል፣ እሱን የሚያሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማሽኑ ከተነካ ስንት ደቂቃ ሆነው? ደመወዙን የሚበላው በመምህርነት ይሁን እንጂ እውነተኛ ሹመቱ ዘበኝነት ነው። የሚጠብቀው ደግሞ ሌባ አይደለም፣ እንቅልፍ ነው።

የእኛው ክቡር የስክሪን ዘበኛ ባ ካሶንዴ ይባላሉ፤ «ባ» እኛ ዘንድ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ከካሳማ ከተማ በሚወጣው መንገድ ዳር ባለችው ትምህርት ቤታችን ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሸሚዛቸው ሁልጊዜ ነጭ ነው፤ አመልካች ጣታቸው ደግሞ ዕረፍት አታውቅም። ጠረጴዛ ላይ፣ ጉልበታቸው ላይ፣ አንዳንዴም አጠገባቸው በተቀመጠው ሰው ትከሻ ላይ ትንቀሳቀሳለች። የሚታወቁበት አባባልም አላቸው፤ «ሊያንቀላፋ ነው! ንኩት!»

ከመሳቃችሁ በፊት ስለ ማሽኑ ልንገራችሁ። ለአሥራ አንድ መምህራን አንድ ላፕቶፕ አለን። ከካሳማ ትምህርት ቢሮ ሲላክልን ሦስት ደቂቃ ካልተነካ እንዲቆለፍ ተደርጎ ነው የመጣው። ደቂቃውን ልጨምር ያለ ሰው ማስተካከያው ራሱ ተዘግቶ ያገኘዋል። የይለፍ ቃሉ አሥራ አራት ፊደልና ቁጥር ነው፤ በየወሩም ይቀየራል። አምስት ጊዜ የተሳሳተ እንደሆነ ማሽኑ ጭልም ይላል፣ ከዚያ ወዲያ በጨርቅ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ካሳማ ማድረስ ነው። ሦስት ደቂቃ ምን አላት ትሉ ይሆናል። አንድ ተማሪ ጥያቄ ጠይቃችሁ አስነሡት እስቲ። ጣራውን ያያል፣ አንገቱን ያካል፣ «ጥያቄው ይደገምልኝ» ይላል፤ ይኸው ሦስት ደቂቃ።

ባ ካሶንዴ ይህን ፍርሃት ከሜዳ አላመጡትም። እኔ ከመቀጠሬ በፊት፣ በወላጆች ቀን፣ ሁለት መቶ ሰው ፊት ስለ ባንግዌሉ ረግረግ ሲያስረዱ ስክሪኑ ተቆለፈባቸው። አንድ ጊዜ ጻፉ፣ ተሳሳቱ። ሁለተኛ ጻፉ። አምስተኛው ላይ ማሽኑ ጨለመና ካሳማ ሄዶ በሰባተኛው ሳምንት ተመለሰ። ታሪኩን ከሳቸው አፍ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! የትኛው ወላጅ በየትኛው ስህተት ላይ እንዳሳለ ሳይቀር አውቀዋለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል የሚባለው? እሳቸው ከዚያ ቀን ወዲህ ልጡን ብቻ ሳይሆን ዛፉንም ጭምር ነው የሚሸሹት።

እንግዲህ የሰው ትምህርት ነው፣ የራሴ ነው ብሎ ነገር የለም። የታሪክ መምህሩ ስለ ባሪያ ንግድ እያስተማረ ልጆቹ በሐዘን ጸጥ ሲሉ፣ በሩ ብርግድ ይላል። «ይቅርታ ቲቸር፣ ቀጥል፣ ቀጥል» ብለው በጣታቸው ጫፍ እየሄዱ ላፕቶፑን ነካ አድርገው ይወጣሉ። በወጣቶች ቀን ፓስተሩ በስላይድ ሲሰብኩ፣ ጸሎቱ ረዘመ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኗል። ባ ካሶንዴ ከሦስተኛው ወንበር በጉልበታቸው እየዳኹ ወደ መድረኩ ሄዱና ጠረጴዛው ሥር ሆነው እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። አንዲት እናት ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩአቸውና መንፈስ የወረደባቸው መስሏቸው እልል አሉ። ጉባኤው ተከተለ። ፓስተሩ እስከ ዛሬ ያ ስብከት ኃይለኛ ነበር ይላሉ።

ቤታቸውም ያው ነው። ባለቤታቸው ባናምፑንዱ አንድ ቀን ገበያ አግኝታኝ፣ «እባክሽ ንገሪልኝ፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ስል በየሦስት ደቂቃው ትከሻዬን ይነካኛል። ሰው ነው ያገባው ወይስ ኮምፒውተር?» አለችኝ።

እኔም አብሬ ስስቅ ነበር የከረምኩት። ከሁሉም አብልጬ። እኔ ከቺፓታ የመጣሁ ንጎኒ ነኝ፣ ቲሳውኬ ጄሬ እባላለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ቤምባ ናቸው። የሁለቱ ጎሳ አያቶቻችን ተዋግተው ሲጠግቡ የቀልድ ዘመድ ሆነው ቀሩ፤ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ብንሰዳደብ የሚቀየም የለም። ጠዋት ስንገናኝ የእኔን ወገን አይጥ በላ፣ የሳቸውን ዝንጀሮ በላ እያልን ነው ሰላም የምንባባለው።

«አንቺ አይጥ በላ፣ ዛሬ ስንት አይጥ ቆረጠምሽ?»

«ባ ካሶንዴ፣ ትናንት ከዛፉ ላይ የወረደውን ዝንጀሮ በላችሁት ወይስ ዘመድ ነው ብላችሁ ተዋችሁት?»

ሳቁ ያበቃው ባለፈው ዓመት ነው። የሁለት ዓመት የሙከራ ቅጥሬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ተቆጣጣሪ መጥታ ሁለት ክፍለ ጊዜ እንደምታየኝ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጥሩ ካለች ቋሚ እሆናለሁ። ካላለች ልጄን አዝዬ፣ ዕቃዬን ሸክፌ፣ «አልተሳካላትም» ለመባል ወደ እናቴ ቤት ነው የምመለሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልዋጥ አለኝ።  ክፍል ገብቼ ስክሪኑን ባየሁ ቁጥር፣ በተቆጣጣሪዋ ፊት ሲጨልምና ጣቴ ሲሳሳት ነው የሚታየኝ። የምስቅባቸው ሰውዬ በሽታ እኔ ላይ ተጋባ ማለት ነው!

ባ ካሶንዴ ሁኔታዬን አይተው አልቀለዱም። ይህ ራሱ የበለጠ አስፈራኝ። በዋዜማው በመምህራን ክፍል ጠርተውኝ በሩን ዘጉ፣ መስኮቱንም ዘጉ፣ ከዚያ የእጅ ሰዓታቸውን ፈቱ።

«ስሚኝ ማዳም ጄሬ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይህን ከእኔና ከእግዜር በቀር የሚያውቅ የለም።»

ሰዓቱን ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አጋደሙት። ፊቱ ነጭ፣ የሰከንዱ ዘንግ ጥቁር ነው። ማውሱን አንሥተው ከታች ያለችውን ቀይ መብራት በትክክል ዘንጉ ላይ አሳረፉት። ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት እንደ ጉንዳን መርበትበት ጀመረች።

«ዘንጉ ሲዞር ማውሱ የተነካ ይመስለዋል። ማሽኑ ሰው አለ ብሎ አይተኛም። ግን ልብ አድርጊ፤ ስትጨርሺ አንሺው። አደራ! ካላነሣሽው መቼም አይቆለፍም።»

«ኧረ እሺ ባ ካሶንዴ፣ እንዴት እረሳለሁ?» አልኩ ሰዓቱን እየተቀበልኩ። እንዴት እንደምረሳ አሁን ልንገራችሁ።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ቀድሜ ገብቼ በዚያው ላፕቶፕ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን የባዮሎጂ ሞዴል ፈተና አስተካክል ነበር። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የሚሰጠው በሚቀጥለው ሰኞ ነው። አሥራ አራተኛው ጥያቄ ላይ እንዳለሁ ከምሳ በፊት ያለው የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ደወል ተደወለ። በጥድፊያ ፈተናውን ሳልዘጋ ስላይዱን ከላዩ ላይ ከፈትኩና ሰዓቱን ከማውሱ ሥር አጋደምኩ። ተቆጣጣሪዋ ማዳም ናሙኮሎ ገብተው ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቀይ እስክሪብቶ ይዘዋል። ፊታቸው ላይ ጥሩም መጥፎም የሚነበብ ነገር የለም።

ስለ ኩላሊት አስተማርኩ። ስክሪኑ አርባ ደቂቃ ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ዓይኑን አልከደነም። ተማሪዎቼ መለሱ፣ ጠየቁ፣ አንዱማ አሳቀን። ደወሉ ሲደወል ማዳም ናሙኮሎ ተነሥተው «ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ እንሂድ፣ ትንሽ እናውራ» ሲሉኝ ጥርሳቸው ታየኝ። ደስታው አዞረኝ! «እናንተ የመጨረሻውን ስላይድ ገልብጡ» ብዬ አርባ ስምንቱን ልጆች ትቼ ወጣሁ።

አርባ ስምንቱም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ሰኞ ያንን ፈተና የሚፈተኑት እነሱ ናቸው።

ቢሮ ገብተን ሻይ ቀረበልን። ማዳም ናሙኮሎ ትምህርቱን አመሰገኑ። ቀጥለው ወረቀታቸውን ገለበጡና «ፈተናዎችሽ እዚያው ማሽን ላይ ናቸው አሉ። ሰው እንዳያይብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉኝ።

«ሐሳብ አይግባዎት» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ማሽኑ ሦስት ደቂቃ ካልተነካ ራሱን ይቆልፋል።»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ክው አልኩ። ሰዓቱ! ከማውሱ ሥር ነው። ስላይዱ ደግሞ የመጨረሻው ላይ ነው። አንድ ልጅ ወደ ኋላ ልመልሰው ብሎ አንድ ነገር ቢነካ፣ ስላይዱ ይዘጋና ፈተናው ግድግዳው ላይ ቁልጭ ይላል። ፈተና ያሾለከ መምህር በእኛ አገር ምን እንደሚሆን ልጆችም ያውቃሉ። ከሥራ መባረሩ ቀላሉ ነው። ፖሊስ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ፣ ስምህ አለ። ቺፓታ ላይ እናቴ ቤት በር ላይ የሚቆሙት ጎረቤቶች ታዩኝ።

ተነሥቼ ልሮጥ ፈለግሁ፤ ግን ለተቆጣጣሪ ምን ብዬ ልውጣ?  ማዳም ናሙኮሎ ስለ ዕቅድ አጻጻፍ ያወራሉ። እኔ ግን ደቂቃ እቆጥራለሁ። አሥር ሆነ። አሥራ አምስት ሆነ። ከውጭ የልጆች ሳቅ በመጣ ቁጥር ያዩት እየመሰለኝ ወደ በሩ አያለሁ። በሃያኛው ደቂቃ ወረቀታቸውን አጠፉና፣

«በይ፣ ማሽኑ ሲቆለፍ እስቲ ልየው» አሉ።

ከቢሮው እስከ ክፍሉ ሰባ እርምጃ ነው። ዘወትር እሮጥበታለሁ፤ ያን ቀን ግን እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩት። ስንቀርብ ልጆቹ በሙሉ ውጭ ናቸው፤ መስኮቱ ላይ ተደራርበው እያዩ ይስቃሉ። አለቀልኝ አልኩ። የሚያነቡት ፈተናዬን ነው ብዬ በሩን ገፋሁት።

ግድግዳው ባዶ ነው። የፕሮጀክተሩ ገመድ ተነቅሎ መሬት ላይ ወድቋል። ከክፍሉ ጥግ፣ ጀርባቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ ባ ካሶንዴ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ላፕቶፑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ስክሪኑን ወደ ደረታቸው አዙረውታል። ኮታቸውን ከላይ ድንኳን አድርገውበታል። አንድ ጣታቸው ከኮቱ ሥር ትንቀሳቀሳለች። ዓይናቸውን ግጥም አድርገው ጨፍነዋል።

በኋላ እንደነገሩኝ፣ ሰዓቱን አንሥቼ እንደሆነ ለማየት ሲመጡ፣ በበሩ በኩል ግድግዳው ላይ «ሞዴል ፈተና» የሚል ርዕስ ብቅ ሲል አዩ። አንዱ ልጅ ነክቶት ነው። ዘለው ገብተው ገመዱን ነቀሉ፤ ከርዕሱ በቀር ያየ የለም። ልጆቹን አስወጥተው ላፕቶፑን አቀፉ። ለምን ክዳኑን አልገጠሙትም አትበሉኝ። ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ አለኝ፤ ከተቆለፈ ደግሞ በተቆጣጣሪዋ ፊት የይለፍ ቃል ልጽፍ ነው። ያ ደግሞ በሳቸው ዓለም ከሞት የባሰ ነው። እንዳይቆለፍ መንካት፣ እንዳይታይ መሸፈን፣ ራሳቸውም እንዳያዩት መጨፈን። ምሳ ሳይበሉ።

«ምን እየሠሩ ነው?» አሉ ማዳም ናሙኮሎ።

ዓይናቸውን ገለጡ። መጀመሪያ እሳቸውን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም፤ እሳቸው ግን ሁሉንም ያነበቡ ይመስለኛል።

«ማዳም ጄሬ አደራ ብላኝ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እስክትመለስ ሰው እንዳያየው።»

«ታዲያ በሦስት ደቂቃ ራሱን ይቆልፋል አላለችኝም? ለምን አልተቆለፈም?»

  የባ ካሶንዴ ጣት ቆመች። እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ ያቺ ጣት ስትቆም ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ኮቱን ገለጡ፣ ላፕቶፑን አንድ ጊዜ አዩት።

«ይቆለፋል እኮ» አሉ። «ይኸው።»

በገዛ እጃቸው ክዳኑን ገጠሙት። ቀጭ የሚለው ድምፅ ሲሰማ፣ ልጃቸውን ለቀዶ ሕክምና ያስገቡ አባት ይመስል ፊታቸው አመድ ሆነ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። ከዚያ አውቀው ያስቆለፉትን ማሽን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፣ ሰዓታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አስረው ወጡ።

«በጣም ጥሩ» አሉ ማዳም ናሙኮሎ። «ከሰዓት በኋላ ስትከፍቺው አያለሁ።»

ስምንት ሰዓት ላይ አሥረኛ ክፍሎች ተቀምጠዋል። ማዳም ናሙኮሎ በዚህኛው ጊዜ ኋላ አልተቀመጡም፤ አጠገቤ ቆሙ። ክዳኑን ከፈትኩ። አሥራ አራቱን ጻፍኩ። ተሳሳተ። ጣቴ ተንሸራቶ ነው ብዬ እንደገና ጻፍኩ። ተሳሳተ። አሁን ላብ አጠመቀኝ። ያለፈው ወር ነው እየጻፍኩ ያለሁት? ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ነው ወይስ መሀል? ሦስተኛውን ጻፍኩ። ተሳሳተ። አንዲት ልጅ አሳለች። ወላጆች ቀን ያሳለችው ሴት መሰለችኝ!

ሁለት ሙከራ ቀርቶኛል። ቀና ስል በመስኮቱ አንድ ነጭ ሸሚዝ አየሁ። ባ ካሶንዴ ናቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውናል። ማየት አልቻሉም፣ መሄድም አልቻሉም። ሸሚዙ በላብ ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጣቶቻቸውን እያሻሹ እዚያው ፀሐይ ላይ ተገትረዋል። ፈሪ ለእናቱ ይባላል። እኚህ ሰውዬ ግን ለእኔ ሊፈሩልኝ ነው ፀሐይ ላይ የቆሙት። ብቻዬን አለመሆኔ ገባኝ መሰል፣ የጠፋብኝ ትዝ አለኝ። ቁጥሩ መሀል ላይ ነው! አንድ በአንድ ጻፍኩት።

ተከፈተ።

«ባ ካሶንዴ! ተከፍቷል!» አልኩ በመስኮቱ፤ ተቆጣጣሪዋ አጠገቤ መቆማቸውንም ረሳሁት።

ዘወር አላሉም። «በስንተኛው?» አሉ።

«በአራተኛው።»

እግራቸው ሥር ያለው ሣር ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ልጆቹ ሳቁ። ማዳም ናሙኮሎ «ሰውዬው አሞታል እንዴ?» አሉ። «አይ፣ ጤነኛ ናቸው» አልኩና ትምህርቴን ጀመርኩ።

የቋሚነቱ ደብዳቤ በስድስተኛው ሳምንት መጣ። ማኅተሙ እንዳለ፣ ለእናቴ እንኳ ሳልደውል፣ ሮጬ ለሳቸው ነው ያሳየሁት። ያን ቀን በተቆጣጣሪዋ ፊት ስለሸፈኑልኝ ነገር ግን አንድም ጊዜ አንሥተን አናውቅም፤ ያኔም አላነሣነውም። ወረቀቱን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። እንኳን ደስ አለሽ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው እየጨለመ ሄደ።

«የት ልታስቀምጪው ነው?» አሉኝ።

«ቤቴ ነዋ።»

«ቤትሽ? ምስጥ አለ፣ እሳት አለ፣ ጣራሽ ያፈሳል። ሁለት ቅጂ አድርጊና በተለያየ ቤት አስቀምጪው፤ አደራ!»

ሳቅሁባቸው፤ እስኪያስለቅሰኝ ሳቅሁ። ከዚያ ሄጄ አስቀዳሁት። አንዱ ቅጂ እኔ ዘንድ አለ። ዋናው ግን ባ ካሶንዴ ቤት ነው ያለው።